የባለሀብቱ አሸናፊዎች

ሰው ሲከብር ዘመድ ይበዛለታል ይባላል። የኛ ሰፈር ልጅ ሲከብር ግን የበዛለት ዘመድ ሳይሆን አሸናፊ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ «ልጅ ሆኜ ሾላ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ የማያሸንፈኝ ሰው አልነበረም፤ መሸነፍን የለመድኩት እዚያ ነው» ብሎ በተናገረ ማግስት፣ ሾላ ተወልዶ ያደገ ወንድ ሁሉ ደረቱን ነፍቶ መሄድ ጀመረ። ከዚያች ቀን በፊት ያንን ልጅ ከነመፈጠሩ የሚያስታውሰው አልነበረም። አሁን ግን የሚለብሰውን ሹራብ ቀለም ሳይቀር የሚነግርህ አይጠፋም። ችግሩ፣ ሁሉም የተለያየ ቀለም ነው የሚነግርህ።

እኔ ቃለ ምልልሱን ያየሁት እራት ላይ ነው። ኮት ለብሷል፣ ከረባት የለም፤ እግሩ ላይ ነጭ ስኒከር አድርጓል። ገንዘብ የማያስፈልጋቸው ሰዎች እንዲህ ነው የሚለብሱት። ትንንሽ ሱቆች ዱቤያቸውን በስልክ የሚመዘግቡበትና ገንዘባቸውን የሚሰበስቡበት አፕ ሠርቶ፣ ኩባንያው አሁን ጎረቤት አገሮችም ገብቷል። ጠያቂዋ «እርስዎ» ትለዋለች። እኛ «አንተ ልጅ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ዞር በል» ስንለው የኖርነውን።

«ይሄን ሰውዬ አሸንፌዋለሁ» አልኳት ባለቤቴን።

«በምን?»

«በኳስ።»

«አንተ? ኳስ ተጫውተህ ታውቃለህ?»

«በፕሌይስቴሽን።»

ሽሮውን ጨለፍ አድርጋ አወጣችልኝና ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ በጣም በእርጋታ፣ ክፋት በሌለበት ድምፅ፣ «ታዲያ አንተ ካሸነፍከው፣ እሱ እዚያ አንተ እዚህ እንዴት ሆናችሁ?» አለችኝ።

እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁላትም። በትልቅ ሰው መሸነፍ ምንም ማለት አይደለም፤ «እሱንማ ማን ይችለዋል» ብለህ ታልፋለህ፣ ሰሚም ይስማማል። መዘዙ ትልቅ ሰው ማሸነፍ ነው። ከድልህ በኋላ ያለውን ዕድሜህን ምን ስታደርግበት እንደከረምክ የሚጠይቅ ይመጣል፤ ያውም አብሮህ የሚኖር።

ለዚህ ነው በዴኒስ ፎንግ የተሸነፉትን የምቀናባቸው። ፎንግ «ትሬሽ» በሚል ስም የታወቀ የኩዌክ ተጫዋች ነበር። ኩዌክ ማለት በጨለማ ኮሪደር እየሮጥክ ያገኘኸውን ሁሉ የምትተኩስበት ጌም ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ «ሬድ አናይሌሽን» የተባለውን ውድድር ሲያሸንፍ የተሸለመው ዋንጫ አይደለም፤ ከጌሙ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ጆን ካርማክ የራሱን ቀይ ፌራሪ 328 ነው የሰጠው። በፍጻሜው የገጠመው ልጅ ደግሞ ጨዋታውን የጨረሰው ከዜሮ በታች ሆኖ ነው። ኩዌክ ላይ ራስህን በራስህ ከገደልክ ነጥብ ይቀነስብሃል፤ ስለዚህ ባዶ እጅህን ሳይሆን ዕዳ ይዘህ ልትወጣ ትችላለህ። ሾላ ምንም ቢከፋብን ዜሮ ላይ እንቆም ነበር። ፎንግ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ውድድሩን ትቶ ኩባንያ ወደ መመሥረት ዞረ። ከሌሎች ጋር የመሠረተውን ኤክስፋየር የተባለ የተጫዋቾች መገናኛ፣ ቪያኮም እ.ኤ.አ. በ2006 በ102 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። እንግዲህ ያ ከዜሮ በታች የወረደው ልጅ ይህን ዜና ሲሰማ እንዴት ያለ እፎይታ እንደተሰማው አስቡት! እኔ ብሆን «አየሽ ማን እንደጣለኝ?» ብዬ ሽሮዬን በሰላም እጨርስ ነበር።

የደሚስ ሃሳቢስ ባላጋራዎች ግን የኔ ቢጤዎች ናቸው። ሃሳቢስ የለንደን ልጅ ነው፤ በ13 ዓመቱ ከ14 ዓመት በታች ካሉ የዓለም ቼዝ ተጫዋቾች ከዩዲት ፖልጋር ቀጥሎ በሁለተኝነት የሚቀመጥ። ታዲያ ልጅ ሳለ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ሰዓታት የፈጀ ጨዋታ ይገጥምና፣ በቃ አልቆልኛል ብሎ እጁን ይሰጣል። ሰውዬው ይስቃል። ስቆም አይቀር፣ ንግሥቱን ቢሠዋ ኖሮ በአቻ መውጣት ይችል እንደነበር ያሳየዋል። ይህን የሚያወራው ራሱ ሃሳቢስ ነው፤ ይህ ሁሉ ጭንቅላት ለቼዝ ብቻ መዋሉ ምን ይጠቅማል ብሎ ማሰብ የጀመረውም ያኔ ነው ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፦ እ.ኤ.አ. በ2010 ዲፕማይንድ የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ከጓደኞቹ ጋር መሠረተ፣ በ2014 ጉግል ገዛው፣ በ2016 ፕሮግራማቸው አልፋጎ ሶል ላይ የጎ ጨዋታውን ጌታ ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 ረታው፣ በ2024 ደግሞ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። ያ የሳቀው ሰውዬ የሆነ ቡና ቤት ቁጭ ብሎ «የኖቤሉን ሰውዬ እኮ አቻ መውጣት እየቻለ እጅ አሰጥቼዋለሁ» እያለ እንደሚውል እምላለሁ። የሱ ሚስት ምን እንደምትለውም እገምታለሁ።

የቼዝ ሰዎች የሚሻሉን በአንድ ነገር ነው፤ ይጽፋሉ። በውድድር ላይ እያንዳንዷ እርምጃ ወረቀት ላይ ትሰፍራለች፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ይፈርማሉ። ሾላ ላይ ማን ፈርሞ!

ዘመኑ 1999 ዓ.ም. ነው፤ ከተማው ለሚሊኒየሙ ሽር ጉድ የሚልበት። የቤቱ ባለቤት እትዬ ሳሎናቸውን በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው ከፊት ለፊት ፕሌይስቴሽን አስቀምጠዋል፤ ከመጋረጃው ጀርባ እንጀራ ይጋገራል። ጌሙ ፔስ 6 ነው፣ ኮናሚ ያን ዓመት ያወጣው፤ ዲስኩ በርግጥ ኮፒ ነው። ፔስ ውስጥ ፈቃድ ያልተገኘላቸው ክለቦች የውሸት ስም ይሰጣቸው ነበር። ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ»፣ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ»። የሰፈሩ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ይህን ሆን ተብሎ እንደተሰነዘረባቸው ስድብ ነበር የሚቆጥሩት። ኢንተርን መምረጥ በቤቱ ሕግ ክልክል ነው፤ ምክንያቱም አድሪያኖ አለ። የአድሪያኖ የምት ኃይል 99 ነበር፤ ከየትም ይምታት፣ በረኛው የሚደርሰው መረቡን ለማየት ነው። ጎረምሳው ሁሉ «አድሪያኖ!» ብሎ ሲጮህ፣ እትዬ እጃቸው ሊጥ እንደሆነ መጋረጃውን በክርናቸው ገልጠው «ማነው ኢንተር የያዘው?» ይሉ ነበር። ስለ ኳስ የሚያውቁት ይህንኑ ነው፤ ከበቂ በላይም ነበር።

ሌላው ሕግ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀመጣል የሚለው ነው። ሳንቲም ያጠረው በዱቤ ደብተር ላይ ይጻፋል። መብራት ሲሄድ ምን እንደሚደረግ ግን የሚናገር ሕግ አልነበረም። የሰፈሩ ጠብ ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ነው።

ልጁ ቦታው ጥግ ላይ ነበር፣ ጆይስቲክ ከፍቶ። በቢላዋ ጫፍ ብሎኖቹን ይፈታል፤ ክዳኑ ሲነሳ ከየቁልፉ ሥር አንዳንድ ትንሽ ላስቲክ አለች፣ ሆዷ ጥቁር። ያ ጥቁሩ ነገር ነው ቁልፉ ሲጫን ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው፤ ሲላጥ ቁልፉ ይሞታል። ከሁሉም ቀድማ የምትሞተው ካሬዋ ናት፣ ጎል የሚመታባት፤ ኤክስ፣ ፓስ የሚሰጥባት፣ ሾላ ውስጥ አዲስ እንደሆነች ትኖራለች። ልጁ እርሳሱን በምራቁ አርሶ የላስቲኳን ሆድ ያጠቁራል፣ እፍ ይልበታል፣ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ያያል፣ ደግሞ ያጠቁራል። የእርሳስ ጥቁሩ ግራፋይት ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ይህን ከየት እንዳወቀው የጠየቀው የለም። ገጥሞ ሲጨርስ ከአንዳችን ጋር አንድ ጌም ይጫወታል። ይሸነፋል። ተነስቶ ወደ ጥጉ ይመለሳል።

ሌላም ሥራ ነበረው። ሜሞሪ ካርድ ነበረው፣ 8 ሜጋባይት። ጌሙ ውስጥ «ኤዲት» የሚባል ክፍል አለ፤ የተጫዋች ስም፣ ፀጉር፣ ጫማ ሳይቀር የሚለወጥበት። ልጁ የመርሲሳይድ ሬድን ተጫዋቾች አንድ በአንድ ሰርዞ በምትካቸው የሰፈሩን ልጆች ስም አስገባ። በነፃ እንዳይመስላችሁ። አጥቂ ለመሆን ሁለት ሳምቡሳ፣ አማካይ አንድ፣ ተከላካይ ግማሽ። ሳምቡሳ ያላመጣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ክፍያ ያላደሰ በረኛ ይደረጋል። ለትንሽ ጊዜ እኔም 9 ቁጥር ለብሼ፣ ፀጉሬ ተሰርቶልኝ፣ ስሜ በእንግሊዝኛ ፊደል ጀርባዬ ላይ ተጽፎ ጎል አግብቻለሁ። ሳምቡሳው ሲያጥረኝ ቀኝ ተከላካይ ሆንኩ፤ ያውም ከግማሿ ላይ ነክሼላት ስለነበር ቁመቴን አሳጠረብኝ። ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ካርዷን ነቅሎ ኪሱ ይከታታል። በዚያች ቅጽበት ሁላችንም ከዓለም እንጠፋለን፣ የሊቨርፑሉ ጄራርድም ወደ ቦታው ይመለሳል። ያ ልጅ የሰፈር ጎረምሳ ሁሉ ክብር በኪሱ ይዞ ነበር እራቱን የሚበላው።

እንግዲህ ወደ ድሌ ልምጣ። እሁድ ነበር፤ ቤቱ ጢም ብሏል። 2 ለ 1 እየመራሁ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ሄደ። አለቀ፤ ድሌ ይህቺው ናት። ለብዙ ዓመታት ያች ውጤት ሳጥን ሥር የተረሳች የአክሲዮን ወረቀት ነበረች። ቃለ ምልልሱ በተላለፈ ማታ ዋጋዋ ሰማይ ነካ። ነገሩ የከፋው፣ ሌላው የሾላ ሰው ሁሉ ያንኑ አክሲዮን ይዞ መገኘቱ ነው።

ይህ የታወቀው ለቅሶ ላይ ነው። አንድ የሰፈራችን አንጋፋ አርፈው፣ የዕድሩ ድንኳን ውስጥ ማታ ማታ ለማስተዛዘን እንቀመጣለን፤ ካርታ ተዘርግቷል፣ ንፍሮ ይዞራል። የሐዘን ወሬው ሳሳ ሲል የልጁ ነገር ተነሣ።

«6 ለ 0» አለ አሁን የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የሆነው፣ ካርታውን ሳይለቅ። «ያውም ቶጎን ይዤ።»

«የኔን ቀን አልነበርክም እንዴ?» አለ የሜትር ታክሲ የሚነዳው። «አልቅሷል እኮ። እኔው ነኝ ያባበልኩት።»

ከዱባይ ለእረፍት የመጣው ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ጀመረው። «ለመሆኑ ጆይስቲክ አያያዝ ያሳየው ማን ነው?» አለ፤ ማን እንደሆነ ከአነጋገሩ ገባን። ከወደ በሩ አንድ ጎረምሳ «እኔም ረትቼዋለሁ» ብሎ ድምፁን አሰማ። ዕድሜውን ብናሰላው ያኔ ጡት አልጣለም። እኔም መብራቱን እያነሳሁ 2 ለ 1ዬን አቀረብኩ፤ «ያልተጠናቀቀ ጨዋታ አይቆጠርም» ተብዬ ተገፋሁ። ይህን ያለኝ ሊግ አስተዳድሮ የሚያውቅ ሰው ቢሆን አይቆጨኝም ነበር።

ድምፃችን ከፍ እያለ ሲሄድ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዞር ብለው «እናንተ ልጆች፣ ለቅሶ ቤት መሆኑን አትርሱ እንጂ!» አሉን። ግማሾቻችን መላጣ ነን።

መፍትሔውን ያመጣው የባንኩ ሰው ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቆይ፣ ተሸናፊ አይደል የሚከፍለው?» አለ። «ሳንቲም የሌለው ደግሞ ይጻፋል። ስለዚህ የእትዬ የዱቤ ደብተር የውጤት መዝገብ ነው ማለት ነው። ስሙ የተጻፈበት ቀን የተሸነፈበት ቀን ነው!» ባንክ ቤት መሥራት አንዳንዴ ሰውን ያሳስባል።

እትዬ ከሴቶቹ መሃል ነበሩ። ቀርበን በአክብሮት ጠየቅናቸው።

«የት ይሄዳል?» አሉ። «ከቤቱ ካርታ ጋር ነው ያስቀመጥኩት።» የልጅ ልጃቸውን ልከው በፌስታል የተጠቀለለ ሲናርላይን ደብተር አስመጡ። ጠርዙ ላይ እስካሁን የደረቀ ሊጥ አለበት። መነጽራቸውን ሰክተው፣ ጣታቸውን ምራቅ እያስነኩ ገጹን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። እኛ በትከሻቸው ላይ ተደራርበን እናነባለን። የባንኩ ሰው አለ። ደግሞ አለ። ገጹን ሞልቶ አለ። የታክሲው አለ፣ የዱባዩ አለ፣ እኔም በቀይ እስክሪብቶ ሳይቀር አለሁ። የልጁ ስም ግን የትም የለም።

«አያችሁ፣ እሱ ጥሬ ገንዘብ ነበር የሚከፍለው!» አለ የታክሲው ደስ ብሎት።

«የምን መክፈል?» አሉ እትዬ። «እሱ እኮ ሠራተኛዬ ነበር።» ደብተሩን ገልብጠው ከኋላ በኩል ጀመሩ። የራሳቸው ጽሕፈት ነው፣ ትልልቅና የተጣመመ፦ ጆይስቲክ ተሠራ፣ ተሞከረ። ጆይስቲክ ተሠራ፣ ተሞከረ፣ እንቢ አለ። ጆይስቲክ ተሠራ፣ ተሞከረ።

«‹ተሞከረ› ምንድን ነው እትዬ?»

«ከናንተ ጋር ነዋ! ሠርቶ ሲጨርስ ከአንዳችሁ ጋር አስቀምጬ አስሞክረዋለሁ። እሱ የተጠገነውን ይይዛል፣ እናንተ ደህነኛውን። ደንበኛ አይደላችሁ? የተበላሸ ልሰጣችሁ ኖሯል? ጎል አልገባ ካለው ያቺ ካሬዋ ገና ናት ማለት ነው፣ መልሶ ይፈታዋል።» መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ባንኩ ሰው አዩ። «6 ለ 0 ያልከው ቀንማ ትዝ ይለኛል። ገመዱን አይጥ በልቶት ነበር።»

የካርታው ጨዋታ ቆመ። አንድ ሰው ንፍሮ እያኘከ ነበር፤ እሱም አቆመ። የባንኩ ሰው ቀስ ብሎ «ቶጎ ግን ጥሩ ቡድን ነበራት» አለ፤ ማንም አልደገፈውም።

እኔ ግን ገና ተስፋ አልቆረጥኩም። «እትዬ፣ መብራት የሄደ ቀንስ? 2 ለ 1 ስመራ?»

«ልጄ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሁለታችሁም ትመሩ ነበር።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እትዬ ግን ደብተሩን ወደ ፌስታሉ እየመለሱ ከነጠላቸው ሥር ስልካቸውን አወጡ። «ይልቅ ይሄን ሁሉ ያ ልጅ ራሱ ባለፈው መጥቶ ስልኬ ላይ ገልብጦልኛል» አሉ። «ያሰብኩት ከርስዎ ደብተር ነው፣ የመጀመሪያ ደንበኛዬ እርስዎ ነዎት አለኝ። የሁላችሁንም ቁጥር ከዕድሩ ጸሐፊ ወስዶ አስገብቶታል። ይቺን ስጫን ዕዳ ላለበት ሁሉ ይሄዳል አለኝ፤ እኔ ይሉኝታ ይዞኝ ነው እንጂ።» ይህን እያሉ ጣታቸው አረፈች።

ድንኳኑ ውስጥ ስልኮች ተራ በተራ ጮሁ። ውድ ደንበኛችን፣ ያልተከፈለ የዱቤ ሂሳብ ስላለብዎት በአክብሮት እናሳስባለን። ከሥሩ የገንዘቡ ልክ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ በቀጭን ፊደል የአገልግሎት ክፍያ። የባንኩ ሰው ቀጭኑን ፊደል ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይሄ ለሱ የሚገባ ነው» አለ፤ ሲናገር ድምፁ ውስጥ ትንሽ አድናቆት ነበረበት። የዱባዩ በድርሃም ይቀበል እንደሆነ ጠየቀ። ያ ጡት ያልጣለው ጎረምሳ ምንም መልእክት አልደረሰውም፤ በዚህም በጣም ተከፋ።

የታክሲው ሹፌር ብቻ አሻፈረኝ አለ። ስልኩን ወደ እትዬ አስጠግቶ አንዷን መስመር በጥፍሩ እያሳየ «ይቺኛዋን አልከፍልም፤ መብራት የሄደ ቀን ናት» አላቸው።

«ለመብራቱ ብዬ ግማሹን ነው የጻፍኩብህ፤ ደህና አድርገህ አንብብ» አሉት።

ስልኩን ራቅ አድርጎ፣ ዓይኑን አጨንቁሮ አነበበ። ግማሽ ነበረች።